ወሽመጡ፣ ሰርጡና ላጉኑ ይለዩልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጎጃም ጂኦግራፊ የምናስተምር መምህራን ነን። የውጭ ዜና ገጻችሁን ለክፍል ሥራ ስለምንጠቀምበት ከጎኑ ካርታ ዘርግተን እናነበዋለን። እንዲህ ሲነበብ ቶሎ የሚታይ ችግር አለ፤ በባሕርና በየብስ መገናኛ ላይ ያሉ ውኃዎች ስም አይጸናም። ሆርሙዝ አንድ ቀን «ወሽመጥ»፣ ሌላ ቀን «ሰርጥ»፣ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ «ባሕረ ሰላጤ» ትባላለች። ቬኒስ አንዴ በሐይቅ ላይ፣ አንዴ በባሕር ላይ ትመሠረታለች። ነገሩ የቃላት ቅንጦት ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን። ግን መርከብ ለምን ተጨናነቀ፣ ዓሣ ለምን በአንድ ሌሊት አለቀ፣ ከተማ ለምን በጎርፍ ተዋጠ የሚለው ዜና መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በውኃው ዓይነት ውስጥ ነው። ስሙ ከተሳተ ምክንያቱም አብሮ ይጠፋል።

ቀላሉን እናስቀድም። ሁለት ሰፊ ውኃዎችን የሚያገናኝ፣ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ በአማርኛ ወሽመጥ ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል። ሆርሙዝ፣ ባብ ኤል መንደብ፣ ጊብራልታር፣ ማላካ ሁሉም ወሽመጥ ናቸው። ባሕረ ሰላጤ ግን በሦስት በኩል በየብስ ተከብቦ በአንድ በኩል ብቻ ወደ ሰፊው ባሕር የሚከፈት ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ወደ ጅቡቲ ምድር ገብቶ እዚያው ይቆማል። የፋርስን ባሕረ ሰላጤ ከኦማን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘው በር ደግሞ የሆርሙዝ ወሽመጥ ነው። «የሆርሙዝ ባሕረ ሰላጤ» ሲባል በሩና ቤቱ አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ «ወሽመጡ ሊዘጋ ነው» የሚለው ዜና ለምን የዓለምን ነዳጅ ገበያ ወሽመጥ እንደሚቆርጥ አንባቢው አይታየውም።

«ሰርጥ»ን በተመለከተ አቋማችን ቁርጥ ያለ ነው። የጋዛ ሰርጥ የሚለው ሥር ሰድዷል፤ አይነቀልም፣ መነቀልም የለበትም። ጋዛ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ጠባብ የብስ ናት። ያው ቃል በዚያው ገጽ ላይ ለውኃ ሲውል ግን ተማሪዎች ጋዛን በሁለት ባሕሮች መካከል ያለች መተላለፊያ አድርገው ይስሏታል። ሰርጥ ለየብሱ፣ ወሽመጥ ለውኃው ቢሆን ነገሩ ያልቃል። ቦይ የሚለው ቃል ደግሞ ሰው ቆፍሮ ላወጣው ብቻ ይቀመጥ፤ የስዊዝ ቦይ፣ የፓናማ ቦይ። በማዳጋስካርና በአፍሪካ መካከል ያለው የሞዛምቢክ መተላለፊያ በጣም ጠባብ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። እሱን «ቦይ» ብሎ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ዋናው ጉዳያችን ላጉን ነው። ላጉን ማለት ጥልቀት የሌለው፣ ከባሕር በቀጭን መከለያ የተለየ፣ በአንድ ወይም በጥቂት ጠባብ አፎች ብቻ ከባሕር ጋር የሚገናኝ ውኃ ነው። መከለያው የአሸዋ ምላስ፣ ተርታ የአሸዋ ደሴት ወይም የኮራል ዓለት ሊሆን ይችላል። አፉ ሲሰፋ ባሕሩ ይገባና ውኃው ይጨዋል፤ አፉ ሲደፈን የወንዙ ውኃ ያይልና ይጣፍጣል፣ ወንዝ ከሌለና ፀሐዩ ከበረታ ደግሞ ከባሕሩ ይብስ ይጨዋል። በአጭሩ የላጉን ዕድል የተያዘው በአፉ ነው። እንግዲህ ይህን ውኃ «ሐይቅ» ብለን ከጻፍነው አፉን ደፈንነው፤ «ባሕረ ሰላጤ» ካልነው ደግሞ መከለያውን አፈረስነው።

የጎጃም አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አንድ ጉዳት አለው። ጥቅሙ ጣናን ማወቁ ነው። ዘጌ ወደ ውኃው የገባ ምድር ነው፣ ደቅ በውኃ የተከበበ ደሴት ነው፣ ከባሕር ዳር ከተማ ፊት ያለው የደቡቡ ጥግ በቅርጹ ሰላጤ ነው፣ ዓባይ የሚወጣበት ቦታ አፍ ነው። ግልገል ዓባይ ጣና ሲገባ ደለሉን ከፊቱ እየገፋ እንደ ወፍ ጣት የተዘረጋ መሬት ሠርቷል። እንዲህ ባለ መሬት ጣቶች መካከል ተከልሎ የሚቀር፣ ዳርና ዳሩ ደንገል የበቀለበት ጸጥ ያለ ውኃ የላጉንን አሠራር ያሳያል፤ የሚጎድለው ጨውና የባሕር ከፍታና ዝቅታ ብቻ ነው። ጉዳቱ ደግሞ እኛ ጣናንም ውቅያኖስንም «ባሕር» ማለታችን ነው። በአፍ ሲነገር ምንም አያውክም፤ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። በጋዜጣ ላይ ግን «ባሕር» ጨዋማውን፣ «ሐይቅ» በየብስ የተከበበውን እንዲያመለክት ከተስማማን እንጽና።

ስሙ ምን ይሁን? «የባሕር ኩሬ» የሚል አይተናል፤ ኩሬ ሲባል ክረምት ሞልቶ በጋ የሚደርቅ ጉድጓድ ውኃ ወደ ልብ ይመጣል። በብራዚል ደቡብ ያለው የፓቶስ ላጉን 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣናን ሦስት ጊዜ የሚያህል ኩሬ የለም። ስለዚህ «ላጉን» ተብሎ በመጀመሪያው ቦታ ላይ አጭር መግለጫ ይከተለው፦ «የቬኒስ ላጉን፣ በቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች ከአድሪያቲክ ባሕር የተከለለው ጥልቀት የሌለው ውኃ»። ከዚያ በኋላ ላጉን ብቻ ይበቃል። ቴሌቪዥንንና ኢንተርኔትን የለመደ አንባቢ ይህን ለመልመድ አይቸገርም።

ተርጓሚው ላጉን መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከዜናው ምንጭ ላይ ያለውን ስም ማመን የለበትም፤ ከድጡ ወደ ማጡ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። የሳተላይት ካርታ ይክፈት። መጀመሪያ ውኃውንና ባሕሩን የሚለይ ቀጭን መሬት አለ ወይ ብሎ ይይ፤ ከሩቅ ስለማይታይ አሸዋው ነጭ መስመር ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማቅረብ ያስፈልጋል። ቀጥሎ በመስመሩ ላይ ክፍተት ይፈልግ። ክፍተቱ ከውኃው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ከሆነ ላጉን ነው፤ መስመሩ ከሌለና ውኃው ሙሉ በሙሉ ለባሕሩ ከተከፈተ ሰላጤ ነው፤ ክፍተት ጨርሶ ከሌለ ወደ ሐይቅነት እየሄደ ወይም ሄዶ ያለቀ ነው። በመጨረሻ የሚገባ ወንዝ ይፈልግ። ትልቅ ወንዝ ያለ መከለያ እየሰፋ ባሕር ከገባና ጣፋጩና ጨዋማው ውኃ እዚያ ከተቀላቀለ ያ የወንዝ አፍ ነው። የለንደኑ ቴምዝ እንዲህ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ስሙ እንዴት እንደሚያሳስት ግብፅን ማየት ይበቃል። በዓባይ ዴልታ ጠርዝ ላይ ያሉት ማንዛላ፣ ቡሩሉስ፣ ኢድኩ በዓረብኛው «ቡሐይራ» ስለሚባሉ ሁሉም በአማርኛ ሐይቅ ሆነዋል። ሦስቱም በአሸዋ መከለያ ከሜዲትራንያን የተለዩ ላጉኖች ናቸው። ከእስክንድርያ አጠገብ ያለው ማርዩት ግን ዛሬ ከባሕር ጋር የተፈጥሮ አፍ የለውም፤ ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ትርፍ ውኃው በፓምፕ ተገፍቶ ነው ባሕር የሚገባው። እሱን ሐይቅ ማለት ያስኬዳል። አራቱን በአንድ ስም መጥራት ግን አያስኬድም።

እነዚህ ውኃዎች ለእኛ ሩቅ አይደሉም። ዴልታውን የሠራው ደለል አብዛኛው የወረደው ከኢትዮጵያ ደጋ፣ በዓባይና በተከዜ በኩል ነው። የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ አፈር ለብዙ ሺህ ዓመታት ባሕሩ ዳር ሲደርስ ማዕበሉ ደቃቁን ጭቃ ወስዶ አሸዋውን በዳርቻው ላይ እያሰለፈ መከለያ አደረገው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ በኋላ ደለሉ ከግድቡ ጀርባ ቀረ። ማዕበሉ ግን ሥራውን አላቆመም፤ የሚያመጣለት ሲያጣ ያለውን መብላት ጀመረ። በረሺድ በኩል ያለው የዴልታው አፍንጫ በከፍተኛ ፍጥነት ያፈገፈገው በዚህ ምክንያት ነው። «ባሕሩ ሐይቁን ሊውጠው ነው» የሚል ዜና ሲወጣ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ሐይቁ ሳይሆን ስለዚያ ቀጭን አሸዋ ነው፤ አሸዋው ከማን መጣ፣ አሁንስ ማን ይተካዋል የሚለውን ነው።

የላጉን አፍ ሲደፈን ምን እንደሚሆን በተግባር የታየው በሕንድ ነው። በምሥራቅ ጠረፍ ያለው ቺሊካ በሕንዶችም በእኛም «ሐይቅ» ይባላል፤ በክረምትና በበጋ ስፋቱ የሚለያይ፣ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የሆነ ላጉን ነው። ከባሕር የሚያገናኘው ረጅም መተላለፊያ በደለል እየጠበበ ሄደ። የባሕር ውኃ መግባት ሲሳነው ጨዉ ቀነሰ፤ ጨው ሲቀንስ የጣፋጭ ውኃ አረም ተንሰራፋ፤ ከባሕር ገብቶ የሚያድገው ዓሣና ሽሪምፕ መንገድ አጣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 በአሸዋው መከለያ ላይ ለባሕሩ ቀረብ ያለ አዲስ አፍ ተቆፈረ። ጨዉ ተመለሰ፣ አረሙ ለቀቀ፣ የዓሣው ምርት አንሠራራ። ዜናውን «ለሐይቁ መውጫ ተቆፈረለት» ብሎ መጻፍ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ቁፋሮው የተፈለገው ውኃ እንዲወጣ ሳይሆን ባሕር እንዲገባ ነበር።

እምቦጭ ያስመረረው የጣና ዳር ሰው ይህን ሲያነብ ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም። እምቦጭ ጨው አይችልም። በሌጎስ ላጉን ላይም በዝናብ ወራት ወንዞች ይዘውት ይገባሉ፤ በደረቁ ወራት የባሕር ውኃ ሲገባ ይከስማል። ጣና ግን በ1,786 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ የሚገባለት ባሕር የለም። የሌጎስን መፍትሔ ለጣና የሚመክር ጽሑፍ ሲመጣ አዘጋጁ በአንድ ጥያቄ ሊጥለው ይችላል፦ ላጉን ነው ወይስ ሐይቅ?

ሌጎስን ካነሣን፣ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው «ሐይቆች» ከሚለው የፖርቱጋል ቃል ነው፤ ሐይቅ የሚለው አተረጓጎም ከዚያም ይመጣል። ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ዝነኛው ድልድይም፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመው የማኮኮ ሠፈርም ያሉት በላጉኑ ላይ ነው። «በባሕር ላይ የተሠራ መንደር» ሲባል አንባቢ ይደነቃል፤ የውቅያኖስ ማዕበል በሚመታው ውኃ ላይ የእንጨት ጎጆ አይቆምም። የአቢጃን ወደብም እንዲሁ ነው። የኤብሪዬ ላጉን ትልልቅ መርከብ የሚያስገባ አፍ ስላልነበረው የቭሪዲ ቦይ ተቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፈተ፤ ወደቡ ወደብ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ይኸኛው በእውነትም ቦይ ነው።

ከስፔን የሚመጣው የማር ሜኖር ዜና ሌላ ጣጣ አለው። «ማር» በስፓኒሽ ባሕር ማለት ስለሆነ «የማር ሜኖር ባሕር» የሚለው ድግግሞሽ ነው፤ ከጎጃም ማር ጋርም ዝምድና የለውም። ስሙ «ትንሹ ባሕር» ቢልም 135 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ላጉን ነው። ላጉኑ ጠባብ አፍ ስላለው ከእርሻ የሚወርደው ማዳበሪያ በቶሎ ታጥቦ አይወጣም፤ አልጌን ይቀልባል፤ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከከባድ ዝናብ በኋላ ጣፋጩ ውኃ በላይ ተኝቶ የሥሩን ዘጋው፤ ኦክስጅን ያጣው ዓሣም በጥቅምት ወር እየተንፈራገጠ ዳር ወጣ። በ2022 ደግሞ የስፔን ፓርላማ ለላጉኑ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠው። ይህን ሁሉ «በባሕር ላይ ዓሣ ሞተ» ብሎ መዝጋት አንባቢውን መበደል ነው።

ቬኒስ የተቃራኒው ምሳሌ ናት። ላጉኗ 550 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት አፎች አሉት፤ ሊዶ፣ ማላሞኮና ኪዮጃ። የጥንት ቬኒሶች የፈሩት መደፈኑን ነበር፤ ስለዚህ እንደ ብሬንታና ፒያቬ ያሉ ወንዞችን በቦይ አዙረው ከላጉኑ ውጪ እንዲፈስሱ አደረጉ። ደለሉ ሲቀር የላጉኑ ወለል መታጠብ ጀመረ፤ ከተማዋም ዝቅ አለች፣ ባሕሩም ከፍ አለ። አሁን በሦስቱ አፎች ወለል ላይ የተኙ 78 የብረት በሮች አሉ፤ ከፍተኛ ውኃ ሲተነበይ ውስጣቸው ያለው ውኃ በአየር ግፊት ይወጣና ተንሳፍፈው ይቆማሉ። ከጎርፍ ለመከላከል መጀመሪያ የተነሡት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2020 ነው። ቬኒስ «በባሕር ላይ» ብትሆን ኖሮ በር የሚገጠምለት አፍ ከየት ይመጣ ነበር?

ወደ ቤታችን ስንቀርብ ቀይ ባሕር የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። «መርሳ» በዓረብኛ የመርከብ ማረፊያ ነው፤ ስለዚህ «የመርሳ ፋጡማ ወደብ» ማለት ወደብን ሁለቴ መጥራት ነው (ከወሎዋ መርሳ ጋር አይምታታ)። «ሸርም» ደግሞ ባሕሩ ዝቅ ባለበት ዘመን ወራጅ ውኃ በኮራሉ መድረክ ላይ የፈለፈለው፣ በኋላ ባሕሩ ሲመለስ የተጥለቀለቀ ጠባብ ገባታ ነው፤ ሸርም ኤል ሼክን ሁሉም ያውቃል። ይህ ላጉን አይደለም፤ ጠለቅ ያለና አፉ ክፍት ነው፤ መርከብ የሚወደውም ለዚህ ነው። እነዚህን ስሞች ሳይተረጉሙ እንዳሉ መጻፍ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው የአሳልና የአሳሌ መደበላለቅ ነው። አሳል በጅቡቲ ነው፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቀድሞ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ቀልጦ የፈሰሰ ዓለት መሐሉን ዘጋው። ዛሬም ከጉቤት፣ ከባሕረ ሰላጤው የምዕራብ ጫፍ፣ የባሕር ውኃ በዓለቱ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፤ ፀሐዩ ያተነዋል፤ ጨዉ ይቀራል። የሚታይ አፍ ስለሌለው ሐይቅ መባሉ ትክክል ነው። አሳሌ ግን በእኛው አፋር፣ በዳናክል ያለው ካሩም የሚባለው የጨው ሐይቅ ነው። ያም ቢሆን በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ገብቶበት ነበር፤ በዳርቻው ላይ ያለው የደረቀ ኮራል ምስክር ነው። የአንዱ ፎቶ በሌላው ዜና ላይ እየወጣ ነው።

የቀሩትን እንለፋቸው። አቶል የኮራል ቀለበት ነው፤ በመሐሉ ያለው ውኃ ላጉን ይባላል፤ ቃሉ ከማልዲቭስ የመጣ ነው። ቀለበቱ የቆመው በሰመጠ እሳተ ገሞራ ዙሪያ ነው፤ በኤነዌታክ አቶል እ.ኤ.አ. በ1952 ሲቆፈር ዓለቱ የተገኘው ከ1,200 ሜትር በላይ ኮራል ከተበሳ በኋላ ነው። በአዊ ያለው ዘንገና ክብ ቢሆንም ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እሱ ውኃ የሞላው የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ፊዮርድ በረዶ የቆረጠው ገደላማ ሸለቆ ነው፤ ሶግነፊዮርድ 1,300 ሜትር ይጠልቃል፤ ላጉን ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜትር ነው። በጥቁር ባሕር ዙሪያ «ሊማን» የሚባሉት በባሕር የተጥለቀለቁ የወንዝ አፎች ናቸው፤ በዶኔትስክ ያለችው ሊማን ከተማ ግን ከባሕር የራቀች ናት፤ የጦርነቱን ዜና የሚተረጉም ሰው ይህችን ልብ ይበል።

አንድ የቁጥር ጉዳይ ጨምረን እናብቃ። የሆርሙዝ ወሽመጥ በጠባቡ ቦታ 21 የባሕር ማይል ነው። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 39 ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣል። ተርጓሚው በተለመደው የየብስ ማይል፣ በ1.609 ካባዛው 34 ይሆንበታል። ሁለቱም ቁጥር በጋዜጦች ላይ እየተፈራረቀ ይታያል። ምንጩ ስለ መርከብ ወይም ስለ ባሕር ወሰን ሲያወራ «ማይል» ያለው የባሕር ማይል መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት፣ ካልተረጋገጠም ማይሉን ሳይመነዝሩ መተው ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂኦግራፊ መምህራን
ባሕር ዳር